ልጄን የቀማችኝ አስተማሪ

«የሐያት እናት፣ ወደ ደጋው እዪው እስቲ!» አለኝ አያ እንድሪስ፣ ጉልት ላይ ቲማቲም ስሸጥ።

ቀና ብዬ አየሁ። እኛ ዘንድ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቲማቲሜ እንዳይጠወልግብኝ እርጥብ ጆንያ አልብሼዋለሁ። በምዕራብ በኩል ግን ተራራው የለም። ጥቁር ደመና ውጦታል።

«ዛሬ ጎርፉ ይመጣል» አለ እጁን እያፋተገ። «ሰይድ ጠለፋውን አበጅቷል? ዛሬ ያልጠለፈ ገበሬ ገበሬም አይደለ!»

ሰይድ ባሌ ነው። እኛ ቆቦዎች ቆላ ነን። ዝናቡ እኛ ላይ ሳይሆን ደጋው ላይ ይወርድና በደረቁ ወንዛችን ጎርፍ ሆኖ ይደርሰናል። ወንዶቹ ወንዙን በድንጋይና በእንጨት ጠልፈው ወደ ማሽላው ይመልሱታል። ጠለፋ የምንለው ይሄንን ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ጎርፍ መጣ ሲባል ደስታ ነው። ጉልቱ ሁሉ ፊቱ በራ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ጎረቤቴ «አልሃምዱሊላህ!» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

እኔ ግን ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ልጄ ሐያት ያን ሰዓት ወንዙ ውስጥ ናት። ከክፍሏ ልጆች ጋር ደረቁ አሸዋ ላይ እንግሊዝኛ እየጻፈች ነው። የወሰደቻቸው ቲቸር ግሬስ ናት። እንደምትወስዳቸው ጧት ነግራኛለች፤ ደህና እንደሆነም ጠይቃኛለች። ለምን እንደዚያ እንደመለስኩላት የምናውቀው እኔና አላህ ብቻ ነን።

ይሄ የሆነው አምና ነው፤ ቲቸር ግሬስም አገሯ ከገባች እነሆ ዓመት አለፋት። በቀደም ሐያት ከአባቷ ስልክ ላይ ፎቶዋን አሳየችኝ። ተመርቃለች። ጥቁር ካባ ለብሳ፣ ያን ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። «እማማ ደህና ናት ወይ? ብላ ጽፋለች» አለችኝ ሐያት። ልጄ ፎቶውን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አየሁና፣ ይሄው ዛሬም፣ ቅር አለኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ጽሑፌም እንደ ንግግሬ ነው። ቢሆንም ይቺን ልጅ ሳልጽፋት ብቀር ይቆጨኛል።

ግሬስ የኡጋንዳ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ስለነበር ማስተማር ልትለማመድ አፓረንት ወጥታ ነው የመጣችው። ለሦስት ወር። የግቢያችንን ሰርቢስ ክፍል ተከራየች። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይጨቃጨቃሉ።

«ፈረንጅ ናት!»

«ጥቁር ናት እኮ፣ አታይም እንዴ?»

«ብትሆንስ? አማርኛ አትችልማ! ፈረንጅ ናት!»

የመጣች ቀን ሰይድ ሊቀበላት ከቤት ሲወጣ፣ ሻንጣዋን አስቀምጣ በሁለት ጉልበቷ መሬት ላይ ዱብ አለች። ሰይድ ደነገጠ። «ኧረ ወደቀች! አንሷት እንጂ!» ይላል። እኔ ደግሞ «አስተግፊሩላህ! ለሰው ይሰገዳል እንዴ?» አልኩ። ያመጣት መምህር እየሳቀ፣ በነሱ አገር ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ሰላም ስትል እንዲህ ነው ብሎ አስረዳን። ሰይድ ጢሙን እየዳበሰ ወደ ሐያት ዞሮ «አየሽ? አስተዳደግ ማለት ይሄ ነው» አላት።

ያቺ ንግግር ናት መጀመሪያ የወጋችኝ። ልጄን ያሳደግሁት እኔ ነኛ! በሁለተኛው ቀን ሐያት ለግሬስ ተንበርክካ ሰላም ስትላት በመስኮት አየኋት። እኔን በዕድሜዋ አንድ ቀን ጉልበቴን ስማኝ አታውቅም።

ደግሞ «እማማ» ትለኛለች። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬም አልሸበተ። «እማማ የሚባለው ለአሮጊት ነው ብለሽ ንገሪያት» አልኳት ሐያትን። ነገረቻትም አልነገረቻትም እንጃ፤ እስከምትሄድ እማማ እንደሆንኩ ቀረሁ። ከሰይድ ደግሞ «አብሽሪ» የሚለውን ቃል ለቀመች። አይዞሽ ማለት መሆኑን ነግሯታል፣ መቼ እንደሚባል ግን አልነገራት። ወጥ ሲያርብኝ «አብሽሪ እማማ!» ጉልት ልወጣ ስነሳ «አብሽሪ እማማ!» አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስወጣም «አብሽሪ እማማ!» አለችኝ። ሐያት መሬት ላይ ተንከባላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አሁን ስጽፈው ግን እየሳቅሁ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቷን የሰማሁት ከሐያት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እግሬን እያለች ደጃፉ ላይ ተዘረጋች።

«ምን ሆንሽ?»

«ፔሬዱን ሙሉ ቆመን ነዋ የተማርነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሬስ ስትገባ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» አሏት። እሷም መለሰችላቸው። ተቀመጡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ። እሷ ደግሞ ካልተባሉ እንደማይቀመጡ አታውቅም። ሰባ ልጅ ናቸው፤ ዴስኩ አንሷቸው በየተራ እየቆሙ የሚማሩ፣ ዛሬ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ሁሉም የቆሙ መሰላት። ላብ በፊቷ እየወረደ፣ ጠመኔው እጇ ላይ እየተሰበረ፣ ደወል እስኪደወል አስተማረች። ከኋላ ያሉት እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆሙ። አንድ ልጅ አልተቀመጠም። አንድ ልጅም አልነገራትም።

«ለምን አትነግሯትም ታዲያ?» አልኳት።

«ቲቸር ናታ እማዬ!» አለችኝ፣ እንደ ጅል እያየችኝ።

ማታ የክፍሉ መምህር ነግሯት ኖሮ ክፍሏ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አየኋት። ሄጄ አይዞሽ ማለት ነበረብኝ። በሆዴ ግን «እሰይ! አስተማሪ ብሎ ዝም» አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ሳቋን ሰማሁ፤ ብቻዋን ትስቃለች። በማግስቱ ገና ከበሩ ሳትገባ፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ «ተቀመጡ!» ብላ ጮኸችባቸው አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ የሷ ሆኑ። የኔም ልጅ ጭምር።

ሐያትን የክፍል ሞኒተር አደረገቻት። ሞኒተር ማለት መምህር ሲወጣ የረባሽ ስም የሚጽፍ ነው። ልጄ ደብተሯን በብብቷ ይዛ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር መራመድ ጀመረች። ማታ ማታ ከግሬስ ጋር ደፉ ላይ ተቀምጣ እንግሊዝኛ ታወራለች፤ ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው ስጠይቅ «ቢነገርሽም አይገባሽም እማዬ» ትለኛለች። ክፋት አልነበራትም ስትለው። ግን ስንት ሌሊት ጡት አጥብቼ ያሳደግኋት ልጅ በገዛ ግቢዬ እኔ በማልገባበት ቋንቋ ስትስቅ፣ እንግዳው ማን ነው? እኔ ነኝ እንግዳዋ።

ክፉ ሆንኩ። አንድ ቀን ምሳ ስጋብዛት ወጡ ላይ ሚጥሚጣ በማንኪያ ገለበጥኩበት። በላች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ «ጥሩ ነው እማማ፣ ጥሩ ነው» እያለች ጨረሰችው። ሰይድ ቀምሶ ዓይኑ ሲፈጥ፣ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

የጄሪካኑ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ውሃ በጀርባችን ነው የምናዝለው። እሷ ከቦኖው ሃያ ሊትሩን ብድግ አድርጋ አናቷ ላይ አስቀመጠችና፣ እጇን ሳታስነካ፣ ስልኳን እያየች መጣች። ሰፈሩ ወጥቶ አያት። «ሰርከስ ናት!» አሉ። ሐያት በኩራት ከጎኗ ትሄዳለች፣ የምታስጎበኛት ይመስል። በማግስቱ ሰው የሌለ ሰዓት ጠብቄ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ግማሽ ጄሪካን አናቴ ላይ አወጣሁ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ። አራተኛው ላይ ውሃው ከነጄሪካኑ ትከሻዬ ላይ መጣ። ሰይድ ሲገባ «ምነው እንዲህ በሰበስሽ?» ቢለኝ «ሞቆኝ ታጠብኩ» አልኩት። ከነልብሴ!

ይሄ ሁሉ ግን ቀላል ነው። ልቤን የሰበረው የወባው ጊዜ ነው። ሐያትን ወባ ያዛት። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ከጦርነቱ ወዲህማ በር ሲመታ እንኳ እዘላለሁ። ሁለት ቀን ሳልተኛ ጨርቅ እያረጠብኩ ግንባሯ ላይ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲልላት ዓይኗን ገለጠች። ጎንበስ አልኩ፣ «እማዬ» እስክትለኝ።

«ቲቸር ግሬስን ጥሪልኝ» አለች።

ጠራኋት። ምን አደርጋለሁ? ግሬስ ገብታ እጇን ያዘቻት። እኔ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

የጎርፉ ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ በሳምንቱ ነው። በልግ ነበር። ሙቀቱ ክፍል ውስጥ አላስቀምጥ ስላለ፣ ደብተርም የሌላቸው ልጆች ስላሉ፣ ግሬስ አንድ ነገር አሰበች። የደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በእንጨት የራሱን ቦታ አስምሮ በጣቱ ይጽፋል። ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ግማሾቹን ልትወስድ ነው። የክፍሉ መምህር ስብሰባ ተጠርቷል። ጧት ሰሃን ሳጥብ ሐያትን አስከትላ መጣች።

«እማማ፣ አሸዋ... ደህና ነው?» አለችኝ፣ ወደ ወንዙ እየጠቆመች።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ግን በልግ መሆኑ፣ ከሰዓት ደጋው ሊዘንብ እንደሚችል፣ ትዝ ብሎኛል። ዋሽቼ አልጽፍም። ትዝ ብሎኛል። ያኔ ሐያትን አየኋት፤ እጇን ግሬስ እጅ ውስጥ አድርጋ ቆማለች።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩና ወደ ሰሃኔ ዞርኩ።

ሌላ ሰውም አልነገራትም። ማን ይነግራታል? እኛ አገር ጎርፍ በደረቅ ወንዝ እንደሚመጣ ዳዴ የሚል ሕፃን ያውቃል። የማታውቅ ሰው ትኖራለች ብሎ ያሰበ የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያሰብኩት።

እንግዲህ አያ እንድሪስ ያን ደመና ሲያሳየኝ ቲማቲሙን ትቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

«ወደ አሸዋው! ቶሎ በል!»

«ቲማቲምሽ ቀረ እኮ እትዬ!» ይላል ባለባጃጁ።

«ይቅር! ንዳው!»

መንገዱ ሲያልቅ ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። ድምፁ ቀድሞኝ ደርሷል። ተሳቢ መኪኖች ተከታትለው ዳገት ሲወጡ የሚያሰሙት ዓይነት ጉርምርምታ ነው፤ ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ማዶ። አፋፉ ላይ ወጥቼ ቁልቁል አየሁ። ልጆቹ በየራሳቸው መስመር ውስጥ ቆመዋል። ሰላሳ ምናምን ልጅ። ሰምተዋል። ቆላ ተወልዶ ይሄን ድምፅ የማያውቅ የለም። አንዳንዶቹ እያለቀሱ፣ ግን ቆመዋል! ከፊታቸው ሐያት ደብተሯን ይዛለች።

«ማንም ከመስመሩ እንዳይወጣ! የወጣውን እጽፈዋለሁ!» ትላለች። ግሬስ የለችም።

«ሐያት! ውጡ! ጎርፍ ነው!»

«ቲቸር ሳልመጣ እንዳትነቃነቁ ብላለች!»

«ጎርፍ እኮ ነው አንቺ ልጅ!»

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ፣ እንባዋ እየወረደ። «አንድ ልጅ ጠፍቶ ልታመጣው ሄዳለች። እኛ ከወጣን እዚህ መጥታ ትፈልገናለች! ውሃው ይወስዳታል!»

ልጄ ለሷ ስትል ልትሞት ነው። ይሄ ነው በዚያች ሰዓት የታየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የነበረው ነገር ነው የመጣብኝ፤ እናቷ እየጠራኋት ለሷ ብላ አልመጣም አለችኝ። ልውረድ ብል ሰላሳውን ልጅ በምን እጄ እይዛለሁ? ከመስመሩ የሚያስወጣቸው የአስተማሪ አፍ ብቻ ነው።

ግሬስ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። የጠፋውን ልጅ እጁን ይዛ በዝግታ ትሄዳለች። ድምፁ የአስፋልቱ መኪና መስሏታል። እኔን ስታይ እጇን አውለበለበችልኝ፣ እየሳቀች! እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ እያነሳሁ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ቋንቋ አልነበረም። ቆመች። ፊቴን አየች። ዞራ ወደ ኋላዋ አየች፣ መልሳ እኔን አየች። አልጠየቀችም።

«እማማን ስሙ!» ብላ ጮኸች ለልጆቹ፣ ባላት አማርኛ ሁሉ። «እማማን ስሙ! እማማን!»

እንደ ወፍ ተነሱ። እኔ ከአፋፉ እጅ በእጅ እየተቀበልኩ ጎተትኩ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ገፉ። ሐያት መጨረሻ ወጣች፣ ወጥታም ወደ ኋላ ትዞራለች። ግሬስ ልጁን በጀርባዋ አዝላ ትሮጣለች፣ አሸዋው ግን ያሰምጣታል። የጎርፉ ግንባር ታየ፤ ቡናማ ነው፣ ከነቅርንጫፉ፣ ከነግንዱ። አፋፉ ሥር ስትደርስ አፈሩ እየተናደ አላስወጣ አላት።

ትተሻት ሂጂ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። እግሬ ቀድሞኝ ወረደ። ልጁን ከጀርባዋ ነጥቄ ወደ ላይ አቀበልኩ። ውሃው ጉልበቴን መታኝ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጎትታል። ክንዷን ያዝኩ። ከላይ ሐያት ቀሚሴን ይዛለች፣ ሐያትን ደግሞ ሌሎቹ ይዘዋል። «እማዬ! እማዬ!» ስትል ነው የምሰማው። ተጎተትን። እኔና ግሬስ አንዳችን ባንዳችን ላይ ደረቅ መሬት ላይ ወደቅን። ከሥራችን ልጆቹ የጻፉበት አሸዋ የለም፤ ወንዙ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሞልቷል።

ሐያት ደብተሯን ገለጠች። ስም ጠራች። እያንዳንዱ «አቤት!» አለ። አንድም አልጎደለም።

ግሬስ እጄን ይዛ ታለቅሳለች። የደበቅሁትን መሸከም አቃተኝ።

«ጧት ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር» አልኳት። «ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። አልነገርኩሽም።»

አልገባትም። እንደ ልማዷ ሐያትን አየቻት፣ ተርጉሚልኝ ብላ። ሐያት እኔን አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ግሬስ እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«ለምን?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«ልጄን ስለወሰድሽብኝ።»

ይሄንን ሐያት አልተረጎመችም። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና አሸዋ የሞላውን ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለችው። ክብደቱ እንዴት ይመስላችኋል! ግሬስ እኛን አየች። ምን እንዳልኩ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ። ራሷን ነቀነቀች፣ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ ብርድ ያንቀጠቀጣትን አንዷን ትንሽ ልጅ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። እኔ ከሐያት ጸጉር አሸዋውን አራገፍኩ።

ሰይድ ከጠለፋው አካፋውን እንደያዘ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ እየሮጠ መጣ። ሰው ነግሮታል። ትንፋሹ ተቆራርጦ አፋፉ ላይ ቆመ።

«ሁሉም አለ?» አለኝ።

«ሁሉም አለ» አልኩት። «ሐያትም አለች፣ ግሬስም አለች። ከውሃው ወጥተናል። ደህና ነን።»